ጳጉሜ ሰባት

ነሐሴ ነው፤ ሠርግ የለም፤ ፍልሰታ ገብቷል፤
የምርቃቱ ባነር ተሰቅሎ ወርዷል።
ጋሽ ፈንታሁን አዘዞ ቀለም ሊገዛ ሄዷል
(ቀለም ይሁን ካርታ፣ እሱ ያውቃል)።
ፒያሳ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮ ይወቅጣል።
እኔ ማውስ በእጄ፣ ባዶ ገጽ በፊቴ፣
ሥራ ብፈታ ጊዜ
ባንድ ፈጠርኩ።

ለስሙ ብዙም አልተጨነቅኩ፤
የማተሚያ ቤቱ ቧንቧ ከግንቦት ወዲህ አልተነፈሰም።
«ደረቅ ቧንቧ» አልኩት። በትልቁ ጻፍኩት፤
የ«ደ»ን አናት እንደ ቧንቧ ራስ ጠመዘዝኩት፤
ከ«ቧ» እግር ሥር አንዲት ጠብታ አንጠለጠልኩ፣
የማትወርድ ጠብታ።

ከበሮው ቢጫ ጀሪካን፣ ባለ ሃያ ሊትር፤
ባዶ ጀሪካን መቼም በኛ ሰፈር አይቸግር።

«ግንቡስ?» ይላል ጋሽ ፈንታሁን ሁልጊዜ፤
ለጥርስ ሐኪም፣ ለዶሮ መኖ፣ ለሐዘን ጊዜ፣
ግንቡ ከኋላ ካልቆመ ሥራ አይመስለውም።
እሱ የለም።
ግንብ አላስገባሁም።

ፊት ሲቸግረኝ መሳቢያውን ሳብኩ፤
ባለቤት ያልወሰዳቸው ጉርድ ፎቶዎች፣
ለፓስፖርት፣ ለቀበሌ መታወቂያ ተነሥተው
«ነገ እመጣለሁ» ብለው የቀሩ ሰዎች።
እንደ ካርታ በወዝኳቸው፤ አራት መረጥኩ።

አንገተ ረጅሟን ዘፋኝ አደረግኳት።
ጆሮው ሰፊውን ኦርጋን ሰጠሁት፤
መነጽራሙን ጀሪካኑ ላይ አስቀመጥኩት።
አራተኛው፣ ፈገግ ሊል ሲል «አትሣቅ» የተባለ የሚመስል፣
ኮሌታው እስከ ላይ የተቆለፈ ልጅ፣
ቤዝ ጊታር ታጥቆ ቆመ።

ቀን?
ያለ ቀን ከጻፍኩ አዳራሽ ልጠየቅ ነው።
ጳጉሜ ሰባት አልኩ።
ሰዓት፦ ውሃ ሲመጣ። መግቢያ፦ በነጻ።
አንድ ቅጂ አተምኩ፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ወጥቼ
ከመብራት ምሰሶው ላይ ለጠፍኩት።

ሰው አነበበው፤ ቀኑን ማንም አልቆጠረ።
ባጃጁን አቁሞ «ትኬት የት ነው?» ያለም ነበረ።
የውሃ ቢሮው አቶ ስጦታው ጃንጥላውን እያራገፈ
«ይሄ ነገር እኛን ነው፣ አይደል?» ብሎኝ ዐለፈ።
ዳቦ ሻጯ ባንቺአየሁ ብቻ ጣቷን አጥፋ ቆጥራ
«የኛም ሰፈር ውሃ ያን ቀን ነው ተራው» አለች፣
ከትከት ብላ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት ገባች።
ነጠላዋ በስብሷል። ፖስተሩን ከምሰሶው አላቅቃ አምጥታለች፤
እንዴት እንደላጠችው እንጃ፣ ጠርዙ እንኳ አልተቀደደ።
ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው፤
ጣቷ ቤዝ ጊታሩ ላይ ዐረፈ።
«ታናሼ ነው» አለች። «ጥላዬ።
በመተማ ከወጣ አራት ዓመት አለፈ።»

አፌ ደረቀ።
ቧንቧው እኔ ሆንኩ።
«እቴ፣ ይሄ ባንድ…» አልኩ። «ይሄ ቀን…»

«መቁጠር አያቅተኝም» አለች።
«ጳጉሜ ስድስት እንኳ የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ነው፤
ሰባት የላትም።
የመጣሁት ስለ ቀኑ አይደለም።
ልጁ ግራኝ ነው።
ጊታሩን በቀኝ አስይዘኸዋል።
እናታችን በእንጨት ማማሰያ እጁን እየመታች
ስንት ዓመት ለፍታበታለች፤ አልተወም።
ገልብጠው።»

ወንበር ሳብኩላት። ፋይሉን ከፈትኩ።
ጊታሩን ብቻ ለይቼ ገለበጥኩት፤
ማንገቻው በሌላው ትከሻ ወረደ።
ጥላው ግን ባለበት ቀርቶ ነበር፣
ወደ ድሮው ዞሮ፤
እሱንም ጎትቼ አመጣሁት።

ጋሽ ፈንታሁን ጫማውን በሩ ላይ እያራገፈ ገባ።
ስክሪኑን አየ። እኔን አየ።
«የማን ትእዛዝ ነው?»

«የኔ» አለች፣ ዐይኗን ሳትነቅል።
ከዚያ ለኔ፣ ቀስ ብላ፦
«ትንሽ ዝቅ አድርገው።
ክንዱ ረጅም ነው።»