ወንበር ቁጥር ሠላሳ ሰባት

ከቦንጋ መጥቼ ስድስት ኪሎ በር ላይ ሻንጣዬን ሳወርድ፣
አንዱ ጎማ ከድቶኝ ብቻውን ቀጠለ ቁልቁል በመንገድ።
ሮጬ ስመለስ ግን አንድ ሲኒየር ቆሟል፣ ካፖርት የለበሰ፣
መጽሐፍ በብብቱ፣ ፈገግታው የረጋ፣ ድምፁ የለሰለሰ።
«ፍሬሽ ነህ?» አለኝና፣
«ነኝ!» ብዬ ስመልስ፣ ማዕረግ መስሎኝ ኖሮ፣ ደረቴን ነፋሁና፣
«ታዲያ የላይብረሪ ወንበር አልገዛህም ገና?»

አልገዛሁም አልኩት። ከልቡ አዘነ።
«አይ ወንድሜን! ስንቱ ቆሞ እያነበበ እዚህ መነመነ!»
ቁራጭ ካርቶን ሰጠኝ፤ «ሠላሳ ሰባት ነው፤ መስኮት ዳር፤ አንደኛ።»
ሃምሳ ብሬን ተቀብሎ መርቆኝ ሄደ፣ እንደ እውነተኛ።

ዶርም ገብቼ ሳሳይ፣ ኦብሳ ከአልጋው ወደቀ፣ ሳቅ አፍኖት፤
ሸምሱ ግን ሳይስቅ ካርቶኑን ገልብጦ፣
«የኦሞ ነው» አለኝ፤ «ሽታው አለ፤ አሽትት።»

በማግስቱ ላይብረሪ። ወይዘሮ አሰገደች መነጽር ዝቅ አድርገው፣
ካርቶኑን አይተው፣ እንባ ያቀረረ ዓይኔንም አይተው፣
አንዳች ሳይናገሩ
ማኅተም አነሡና — ጧ! — አሳረፉበት ቀለሙን ነክረው።

ከዚያ ወዲያማ ምን ልበል?
ወንበሬ ላይ ያለ ካርዴን ሳሳየው ይቅርታ ጠይቆ ይነሣል፤
ማኅተም ካረፈበት ነገር ጋር እዚህ አገር ማን ይከራከራል?

ለእናቴ ደወልኩ፦ «ቋሚ ወንበር አለኝ፣ በማኅተም የጸና።»
እልል ብላ ለጎረቤት አወራች፤ ሹመት መስሏታልና።

እዚያው ወንበሬ ላይ ካልኩለስ ሳገላብጥ ስንቴ እንቅልፍ ጣለኝ፤
ጉንጬ ላይ የታተመውን ኢንተግራል ሲፈን ጮክ ብላ አነበበችልኝ።
የካፌው ወጥ ሎተሪ ነው፤ ኦብሳ በኅዳር አንድ ሥጋ ደረሰው፤
እኔ እስከ ሰኔ ድንች ገለበጥኩ፤
ፊቷን ያዞረች ዕድል በምን ይመልሳት ሰው?

ሰኔ። የፈተና ሰሞን። ሰው በደረጃው ላይ፣ ሰው በመስኮቱ ጠርዝ፤
አንድ ካፖርት ብቅ አለ ወንበር ሲለማመጥ፣ ፊቱ ገርጥቶ እንደ ብርዝ።
አወቅሁት። አላወቀኝም።
ካርዴን አየ፤ ማኅተሙን አየ፤ እጁን አሻሸና፣
«ወንድም፣ ይኼን የት ነው የሚሸጡት? እኔ አልገዛሁም ገና።»

አዘንኩ። ከልቤ።
መቶ ብር አልኩት። በሰማንያ ተስማማን። መረቅሁት።

ማታ አራት ኪሎ ወርደን አንድ ስፕሪስ አዘዝን፣ ሦስት ገለባ ሰክተን።
ኦብሳ ሳቀ፤ ማንጎው በአፍንጫው ወጣ። ሸምሱ አሁንም አልሳቀም።
«ሃምሳው ያንተ ነበር፤ ጠጣነው» አለ።
«ሠላሳው ግን የወይዘሮ አሰገደች ነው፤ አይበላም።»

ጠዋት ሠላሳ ብሬን ይዤ ፊታቸው ቆምኩ፤ ነገሩን ተናዘዝኩ።
ብሩን አልነኩትም። መሳቢያቸውን ስበው፣
ኦሞ ኦሞ የሚሸት አንድ ቁራጭ ካርቶን፣ ቀድሞ የታተመ፣
ሰጡኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግራ ቀኝ ቃኝተው፦
«ሠላሳ ስምንት ተለቋል፤ ፀሐይዋ የሱ ትሻላለች፤ ለማንም እንዳትነግረው።»