ስም ጥሪ

ከጠመኔው ሣጥን ጎን፣ ከመዝገቡ በላይ
አንዲት ነጭ ድንጋይ አለች፣ የማር እንጀራ መሳይ።
«ይህች» ይለናል ጓንጉል፣ የባዮሎጂው መምህር፣
«ድንጋይ አይደለችም፤ አገር ነበረች፣ በዳህላክ ባሕር።»

ባሕርተኛ ሳለ፣ ጢሙ ሳይሸብት፣
ጠልቆ ይቆጥር ነበር የኮራሉን አሳ፣ ስም በስም፣ ቤት በቤት።

«አንድ ሌሊት ማዕበል ሲያምሰው አድሮ
ጠዋት ብወርድ፣ ቅርንጫፉ እንደ ገል ተሰባብሮ፣
ውሃው አጓት መስሎ፣
ሰሌዳዬን ሳወጣ፣ እጄ ጻፈ፣ ‹የለም› ብሎ።

በወሩ ግን መጣ በቀቀን አፍ አሳ፣
የዓለቱን ሽበት ሊላጭ ማልዶ የተነሣ።
እሱ ካልላጨለት፣ ካልጠረገው ደጁን፣
ኮራል የት ያሳርፍ፣ የት ይትከለው ልጁን?
ከዚያ ጥቃቅኖቹ፤ ከዚያ የሚበሏቸው።

በሦስተኛው ዓመት ደመርሁት ቁጥሩን፤
የድሮው ያው ሆነ። ልንገራችሁ ነውሩን?
ቁጥሩ እንጂ ስሙ አልነበረም ያው።
ቢራቢሮ አሳ፣ ሕያው ቅርንጫፍ ብቻ የሚበላው፣
ባዶ ነበር መሥመሩ።»

ጎንደር ባሕር የላት። አሳ ለእኛ የጾም ወጥ ነው።
«ይጠበሳል ወይ፣ ቲቸር?» አለ ከኋላ ዳኘው፤
ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ።

ነሐሴ ላይ መገጭ ከመኝታው ተነሣ።
የሽንኩርቱን መደብ፣ የውሃ መሳቢያውን፣
የወንዝ ዳሩን ጭቃ ቤት፣ ከነበሩ፣ ከነማገሩ
ይዞ ወረደ ወደ ደምቢያ።

መስከረም። አዘዞ። ስም ጥሪ።
ሃምሳ ሦስት ነበርን፤ ዛሬም ሃምሳ ሦስት፤
አዲስ ልጆች መጥተው፣ ከጭልጋ፣ ከሳንጃ፣ አንድም ወንበር የለም ክፍት።
«ዳኘው ይመር?»
ዝናቡ ቆርቆሮውን መታ።
«ዳኘው ይመር?»
መተማ ሄዱ ያለም አለ፤ ሌላው ሌላ አለ።
መምህር አልሰረዘም። እርሳሱን አሾለ፣
ከስሙ ፊት አንዲት ክብ፣ ባዶ፣ አኖረና
ቀጣዩን ጠራ።

ቅዳሜ ወሰደን ከድልድዩ ሥር፣
ወንፊትና ባልዲ ይዘን አሳ ልንቆጥር።
ጎርፉ ጠጠሩን ገልብጦ፣ አጥቦ፣ አንጥፎለት፣
ነጭ አሳ ከጣና ሽቅብ ይመጣል፣ ዕንቁላሉን ሊጥልበት።
አሥራ አንድ ቆጠርሁ። ሁለቱን አላወቅሁም።
ከአዲሶቹ ልጆች አንዱ፣ ስሙን ገና አልያዝሁም፣
ባልዲው ላይ አጎንብሶ
«ቲቸር፣ ይጠበሳል?» አለ።

የሣቀ አልነበረም።
ጓንጉል እርጥብ እጁን በሱሪው ጠረገ፤
ልጁን ቆይቶ አየው፤
ደብተሩን ሰጠውና
«መጀመሪያ» አለ፣ «ስሙን ጻፈው።»