ማማው የት ነበር?

«ማማችን እዚህ ነው» አለ እብሬ ቆሞ፣
የፋብሪካውን አጥር በዘንጉ ጠቁሞ።
«የለም» አልኩ፣ «ከዚያ ነው፣ ከቦርከናው ማዶ፣
ወርካው ካለበት ነው።» — «ወርካው ሄዷል ነድዶ!»

ሁለት ሽማግሌ፣ የአንድ ማሽላ ጠባቂ፣
አንዱ ረስቶ ነጋሪ፣ አንዱ ሰምቶ ሳቂ።

ኮምቦልቻ ሳትሰፋ፣ በጥቅምት ማለዳ፣
እሸት ሲንዠረገግ፣ ሲያጎነብስ ዘንጋዳ፣
ግሪሳው እንደ ጉም ከሐረጎ ጋራ
ሲወርድ፣ ማማው ላይ የኛ ነበር ተራ።
እሱ ጅራፍ ሲያጮህ፣ እኔ ወንጭፍ ሳዞር፣
ድምፃችን ሲዘጋ ቆርቆሮ ስንወግር፣
የጦይባ ድምፅ ነበር ከወዲያኛው ማማ፣
ወፉ ሳይሆን ልባችን ብር የሚል ሲሰማ።
(ለእኔ ነበር ጥሪዋ። ይህን እስከ ዛሬ
አምኖልኝ አያውቅም ግትሩ እብሬ።)

ደቦ ሲጠራማ፣ ሙክት ሁለት ይጣላል፣
አንዱ ቢላ «ቢስሚላህ»፣ አንዱ «በስመ አብ» ይላል፤
ሥጋው ለየብቻ፣ ወጡ ለየድስቱ፣
ጢሱ ግን አይለይም፣ አንድ ነው እሳቱ።

አውድማ ላይ ደግሞ፣ ለቃልም አለው ጾም፤
በሬ «በሬ» አይባል፣ መንሹም፣ ምርቱም፣ ሁሉም።
«በረካው ይሸሻል!» ሲሉን አባ አደም
ያኔ ያጠናነው ስም፣ አንዱም ትዝ አይለኝም።
«እብሬ፣ ላይዳውን ምን ነበር ስንጠራው?»
ዝም አለ። አፈሩን ጫረው በከዘራው።

ዘበኛው ወጣና፣ «አባቶች፣ ተነሡ፣
ከበሩ ፈቀቅ በሉ፣ መኪና ነው መድረሱ።»

ሽቦው ላይ አንዲት ወፍ መጥታ ስትቀመጥ፣
የእብሬ ቀኝ እጅ ዞረ፣ ወንጭፍ ሳይጨብጥ።

ወፏ ግን አልሸሸች።