ቁጥር አርባ ሰባት

ቬዘር ወንዝ አጠገብ፣ ከተተወው ካባ፣
በገልባጭ መኪና ዱካ ውሃ ሲገባ፣
አንዲት ጉርጥ አገኘን አውራ ጣት የምታክል፤
ጀርባዋ ጭቃ ነው፣ ከጭቃ አይነጠል።
ገርሊንደ ቀስ ብላ በጀርባዋ አስተኛቻት፣
ቢጫ ሆዷ ወጣ፣ ካሜራው ብልጭ አለባት።

ጥቁሩ ነጠብጣብ በቢጫው ላይ ፈሶ
መንጠቆ ይመስላል ከብብቷ ደርሶ፤
እምብርት በሌለበት ሁለት ደሴት አለ፣
ሌላ ጉርጥ ይህንን መልክ አልታደለ።
«የሰው ሆዱ አይታወቅ» ያለው ሰው አልዋሸም፤
የጉርጥ ሆድ ግን አንዴ ካዩት አይሸሽም።

ማታ በኩሽናው ሾርባው ሲቀዘቅዝ፣
የድሮ ፎቶዎች አንድ ባንድ ስንመዝዝ፣
«ቆይ! ይህቺ» አለችኝ። ያው መንጠቆ፣ ያው ደሴት፤
ቁጥር አርባ ሰባት፣ ባሥራ አራት ዓመት
አንዲት ነጥብ ሳትጥል፣ አንዲት ሳትጨምር።

ከዚያ ዝም።
መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች።
በፎቶው ጉርጧን ያቀፈው እጅ ቆዳው አልተሸበሸበም፣
ቀለበቱም ገና ከጣቱ አልወለቀም።
«የማን እጅ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ፣ ሳላስብ።
ከመብራቱ ስር የራሷን እጅ ዘረጋች፣
ገለበጠች፣ እንደ ጉርጧ ሆድ አየችው፤
«እንጃ» አለች፣
«ይሄኛው አልተመዘገበም።»