ዱቤና ዱባይ

እኔ ከአልጋ ስነሣ ሸምሱ ይገባበታል፤
ትራሱ ሳይቀዘቅዝ ሌላ ሰው ያልምበታል።
ናይፍ ሰፈር እንዲህ ነው፤ አልጋም በፈረቃ፣
ገሚሱ ሲያንቀላፋ፣ ገሚሱ ሲነቃ።

የእኔ ሥራ ሌሊት ነው፤ ባልዲና ጨርቅ ይዤ
ሦስት ደረጃ ወርጄ፣ ምድር ቤት ተጉዤ
የሰው መኪና አጥባለሁ፣ በወር እየተቀጠርሁ።
ሌላው ድርሃም ሲቆጥር እኔ ቆርቆሮ ቆጠርሁ፤
አንድ መኪና፣ አንድ ወር፣ አንድ ቆርቆሮ ለቤት፣
ኪራይና ሆድ ወስደው ጥቂት በተረፈኝ ዕለት።
ባቲ ላይ የእናቴ ጎጆ ግድግዳው ቆሟል፤
ጣራው ገና ሰማይ ነው። ምስማሩ ተገዝቷል።
«ሠላሳ ሁለት» ብሏል፣ ለክቶ፣ አናጢው እንድሪስ።

መጀመሪያ ክሬኖቹ ቆሙ፤
አንገት አስግገው ከረሙ፣
ምንም ሳያነሡ፣ ምንም ሳያወርዱ።
ከዚያ ሰዎች ሄዱ።

«የዓለም ቀውስ» ይላል በዜና ተናጋሪው፤
ሸምሱ ዳቦ እየቆረሰ በሣቅ አቀለለው፦
«ቀውሱማ እኛ ነን፣ ሰው አገር የመጣን፤
ዓለም ማበዷን ግን ዛሬ ገና ሰማን!»

ቁጥር አርባ አንድ ላይ የምትቆም ነጭ መኪና፣
ባለቤቷ መሐንዲስ፣ ሰላምታው የቀና፣
«በሚቀጥለው ወር» እያለ አራት ወር ቆይቶ
አንድ ማለዳ በረረ፣ ቁልፏን ውስጧ ትቶ።
መስታወቷ ላይ ወረቀት፤ «ይቅርታ» ይላል ጽሑፉ፤
ይቅርታው ለባንኩ ነው። የእኔ አራት ቆርቆሮ አለፉ፣
በስማቸው ሳይጠሩ።

ወር ሳይሞላ አሥራ አንድ ቆመ፣ አቧራ ተከናንቦ፣
እንደ ለቀስተኛ ረድፍ በዝምታ ተሰብስቦ።

አልዋሽም፤ አንድ ሌሊት የነጭዋን በር ከፈትሁ፤
ከመሪው ኋላ ገብቼ ባልዲዬን ጎኔ አኖርሁ።
ወንበሯ ገና ይሸታል፣ የትልቅ ሰው ደመወዝ፤
ደሙስ የሱ ይሁን፤ የእኔ ነው በላይዋ ያለው ወዝ።
ቁልፉን ነካሁ እንጂ አላዞርሁም። ወዴትስ ልነዳ?
ሁለታችንም ቆመናል፣ በየራሳችን ዕዳ።

ከነጂብ ሱቅ መግቢያ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦
«ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ግን ይኖራል።»
በየቀኑ አነበዋለሁ። ነገ በየቀኑ ነገ ነው።
ያች ከተማ ምሥጢሯ ለካ ስሟ ውስጥ ነው፦
ዱቤን ቢያስረዝሙት ዱባይ ይሆናል።

ዓርብ ዓርብ እደውላለሁ። «ሥራ እንዴት ነው?» ስትል
«ደኅና ነው» እላለሁ። አጭር ቃል ነው፤ ብዙ ይሸፍናል፤
ከቆርቆሮ ይበልጣል።

ዕቁባችን ስምንት ነበርን፤ ሦስቱ ከሥራ ወጡ።
«እናፍርሰው?» አለ አንዱ። ዳኛዋ እትዬ ዘሃራ ተቆጡ፦
«ዕቁብ በጥጋብ ቀን ብቻ ነው የሚጣል?
ያለው ገንዘቡን ይጣል፤ የሌለው ስሙን ይጥላል።»

ዕጣው የእኔን ስም አወጣ፤ ጎደሎ ሆኖ ገንዘቡ።
ዙፋን፣ ቢሮ ጠራጊዋ፣ ዓይኖቿ ከግንቡ፤
ከሥራ ተሰናብታ ለቪዛዋ ሠላሳ ቀን ቀርቷታል።
ማንም ምንም አላለም።
«የአልጋሽ ኪራይ ላንድ ወር» አልሁ፣ ጥርሴን ነክሼ፤
ቸር ስለሆንሁ አይደለም፤ የራሴን ነገ አስታውሼ።

የተረፈውን ላክሁ ለባቲ፣ ቆጥሬ ሁለቴ፦
«አሥራ አራት ቆርቆሮ ነው፤ ጣራው አይሞላም፣ እናቴ፤
አልጋሽ ያለበትን ወገን ብቻ ይምታልሽ እንድሪስ፤
የቀረው ለከርሞ ይድረስ።»

ሐምሌ ሲገባ ደወልሁ። እዚህ አርባ ስድስት ነው ሙቀት፤
ጫማዬ ካስፋልቱ ጋራ የሚጣበቅበት ሰዓት።
«ሰማኸው?» አለችና ስልኩን ወደ ላይ ያዘች።
ዘነበ፤ በአሥራ አራት ቆርቆሮ ላይ።
በቀረው ወገን ሲወርድ ድምፅ አልነበረውም፤
ባዶውን በጆሮዬ ለካሁት፦ አሥራ ስምንት።
ካርዴ እስኪያልቅ ሰማሁ።
ከዚያ ባልዲዬን አነሣሁ።