ውሃ የሚቋጥር

በካራጋንዳ ከተማ፣ ከሰል በሚዛቅበት፣
የትግል ሚዛን ጠባቂ ነኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት።
ተፋላሚ ይወጣል፣ እኔ ቁጥር አያለሁ፣
ማን በልቶ እንደመጣ፣ ማን እንደጾመ አውቃለሁ።
ሚዛኔ አያዳላም፤ ግን ደግሞ ብዙም አያውቅም፣
ሥጋን ከውሃ ለይቶ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ጉልዳና ትባላለች፣ የከሰል ቆፋሪ ልጅ፣
ትከሻዋ ሰፊ፣ አንገቷ አጭር፣ ይዞ የማይለቅ እጅ።
ሃምሳ ሰባት ኪሎ ነው የምትፋለምበት፣
አጥንቷ ግን ማደግ አልተወም፤ ማን ደፍሮ ይንገራት?

በመጸው መግቢያ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ጎን ገዝታ፣
ክዳኑ የሰፋ ነጭ ዕቃ በብብቷ ይዛ መጥታ፣
“ክሬቲን ነው” አለችን፣ ማንኪያዋን አስገብታ።

አሠልጣኝ ቱርሱንቤክ ዕቃውን ተቀበለ፣
መነጽር ሳያደርግ ዙሪያውን አስተዋለ፣
“ዶፒንግ ነው! አሁኑኑ ከአዳራሼ ይውጣ!” አለ።
አባቷም ሰምቶ መጣ፣ ጥፍሩ ሥር ከሰል ያለው፦
“ሠላሳ ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ክንዴን ምን አጸናው?
የፈረስ ሥጋ ነው እንጂ! ዱቄት ማን ያውቀው?”

ሐኪሟ ራኢሳ ሳቀች፦ “እንግዲያውስ ስማኝ ሽማግሌው፣
ከፈረስ ሥጋህ ውስጥ ያለው ይኸው ራሱ ነው።
ክልክል አይደለም፣ ተአምርም አይደለም።
ግብግቡ ሲጠና፣ ደረት ሲነድ፣ ክንድ ሲዝል፣
የመጨረሻዋን ሠላሳ ሰከንድ ትንሽ ያግዛል።
ታዲያ በነጻ አይደለም፤ ጡንቻ ውሃ ይቋጥራል፣
አንዱ ላይ አንድ ኪሎ፣ ሌላው ላይ ከዚያም ያልፋል።”

የቱርሱንቤክ ክርክር ውሃ አልቋጠረም፣
የጉልዳና ጡንቻ ግን ከመቋጠር አልቦዘነም።

የውድድሩ ዋዜማ፤ ውጭው ሠላሳ ከዜሮ በታች፣
ጉልዳና ካልሲዋን አውልቃ ሚዛኔ ላይ ወጣች።
ሃምሳ ስምንት ነጥብ ሁለት።
“ድጋሚ” አለች።
ድጋሚም ሃምሳ ስምንት ነጥብ ሁለት።

ከዚያማ ባኛ ገባች፣ በላስቲክ ተጠቅልላ፣
ገመድ ስትዘል፣ ኩባያ ውስጥ ስትተፋ፣ ቆዳዋን ቀቅላ።
ቱርሱንቤክ በር ላይ ቆሞ ደቂቃ ይቆጥራል፣
ራኢሳ ትሰድበዋለች፤ እሱ መልስ ያጣል።
ዱቄቱ ያስገባውን እሳቱ ሲያስወጣ አደረ፣
በውሃ ወቀጣ፣ እንቦጭ እንቦጭ ሲል ሌሊቱ ተሻገረ።

ጠዋት ሃምሳ ሰባት፣ ልክ።
ጻፍኩት። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተው ነበር፤
ያንን የሚጻፍበት ሰንጠረዥ የለኝም።

ከቢሽኬክ ከመጣችው ከኑርጃማል ጋር ገጠመች፣
አራት ለሁለት እየመራች እስከ መጨረሻው ደረሰች።
ሠላሳ ሰከንድ ቀረ።
ያቺው ሠላሳ ሰከንድ! ዱቄቱ የተገዛላት፣
ባቷ እንደ ገመድ ተቋጠረ፤ ምንጣፉ ላይ ጣላት።

አሠልጣኙ ዱቄቱን ከሰሰ፣ አባቷ አሠልጣኙን፣
ራኢሳ ሁለቱንም። የባኛውን ምድጃ የከሰሰ አልሰማሁም።

ተፋላሚ ክሬቲን ይውሰድ? አይውሰድ? እያላችሁ
እኔን፣ ሚዛን ጠባቂውን፣ ድንገት ከጠየቃችሁ፣
መልሴ ጥያቄ ነው፦ ስንት ኪሎ ናችሁ?
ማለቴ፣ በልታችሁ፣ ጠጥታችሁ፣ ተኝታችሁ?
ይህን የማይመልስ ሰው ማንኪያውን ያስቀምጥ፣
የሚመልስ ደግሞ በብዙ ውሃ ይበጥብጥ።

በረዶው ሲቀልጥ መጣች፣ ስልሳ ሁለት ተመዝግባ።
ነጩ ዕቃ ከቦርሳዋ አፍ አጮልቋል።
ፊቴ ቆማ ኮዳዋን አነሳች፤
ሳትቸኩል ጠጣች፣ ጉሮሮዋ ሲወጣ ሲወርድ አየሁ፣
ከንፈሯን በክንዷ ጠረገችና
ወጣች።
ስልሳ አንድ ነጥብ አራት።

“ስድስት መቶ ግራም ተርፎኛል” አለች። “ዳቦ አለህ?”
ከምሳዬ ግማሹን ቆርሼ ሰጠኋት።