የማላውቀውን ስጠይቅሽ

ሻርጃ ነው። ሮላ ሰፈር፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ፤
መጋረጃ ከፍሎት አንድ ክፍል ለሁለት፣
ወዲህ የኛ አልጋ ነው፣ ወዲያ ያንቺ ሌሊት።
እናትሽ ቀኖቹን ፍሪጁ ላይ ለጥፋ፣
ማታ ማታ አንዷን በቀይ ቀለም አጥፍታ
«አሥራ ሰባት» አለች፣ የሰው ዕዳ ይመስል።

እኔስ ያኔ ምን አልኩሽ?
ያልኩሽን አልረሳም፤
«የዙልፋ ልጅ እኮ ጎህ ሳይቀድ ነው የምትነሳው፣
ስልክ እንኳን የላትም።
ስንት እንደምከፍል ታውቂያለሽ፣ ሉባባ?»
አንቺ ዝም።
መጋረጃው ዝም።
ኤሲው ብቻ አጉረመረመ፣ ፍርድ እንደጎደለበት ሽማግሌ።

ውሃ አመላላሽ ነኝ።
ሃያ ሊትር በትከሻ፣ ሊፍቱ ሲበላሽ በደረጃ፣
ከምድር ቤት እስከ ሰገነት፣ ከደጃፍ እስከ ደጃ።
የሸክም ነገር ይገባኛል፤
የተሸከመን ሰው ከኋላው «ፍጠን» ቢሉት
አይፈጥንም፣
ይደፋል።
ይህን ትከሻዬ ያውቃል፤
አፌ ነው ያልተማረው።

ሐሙስ ለት ሩዝ ልለካ ጎንበስ ብል፣
ከጆንያው ሥር እጄ ወረቀት ነካ።
አራት ቦታ ታጥፏል። ሒሳብ። የሙከራ ፈተና።
ሠላሳ ስምንት ከመቶ፣
ዙሪያውን በቀይ ተከቦ፣ እንደ አዲስ ቁስል።
እዚያው ቆሜ አየሁት።
በራሱ እጥፋት መልሼ አጠፍኩት።
ሩዙን ለካሁ፣
አንድ ኩባያ ጨመርኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ያን ማታ መጣሁ ወዳንቺ መጋረጃ።
«ላስረዳሽ» አልልሽ፣ ስምንተኛ ላይ ቀረሁ፤
«ልጠይቅሽ» አልኩኝ፣ ካርዶችሽን አነሳሁ።
ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬን ያዘው፤
«ፎ... ፎቶ... ሲን...» ስል፣
ሳቅሽ መጣ፤ ስንት ጊዜው ነበር!
«ፎቶሲንተሲስ ነው፣ አባዬ።»

መልሱን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ እጠብቅሻለሁ።
ልክ መሆንሽን የማነበው ከፊትሽ ነው፣
ከካርዱ አይደለም።
ስትስቺ «ኧረ!» አላልኩም፤
ካርዷን ከሥር ከተትኳት፣ ዞራ ትመጣለች ብዬ።

ከዚያ ለእናትሽም ያልነገርኳትን ነገርኩሽ፤
ሐይቅ ከተማ፣ የስምንተኛ ሚኒስትሪ መውደቄን።
አባቴ ሲጠይቅ «ገና አልመጣም» አልኩት፣
ክረምቱ አልፎ በጋው ገብቶም «ገና ነው»፤
ካርዴ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ
ዱቄት እየጠጣ።
አባቴ ሳያውቅ ሞተ፣
ወይም አውቆ ዝም ብሎ።
ይችን «ወይም» ነው ከባሕር ማዶ ይዣት የመጣሁት፤
ሃያ ሊትር አይደርስባትም።

ምንም አላልሽ።
ተነስተሽ ጆንያውን ከፍ አደረግሽ፣
ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሽ።
«አይተኸዋል አይደል?»
«አይቼዋለሁ።»
«አራተኛው ላይ ግማሹ ልክ ነበር» አልሽኝ፣ ፈራ ተባ እያልሽ።
«እስቲ ልክ የሆነውን አሳዪኝ» አልኩሽ።
ቁጥሩ አልገባኝም። ጣትሽ የት ላይ እንደቆመች ገባኝ።

በማግሥቱ ወረቀቷን እናትሽ ከፍሪጁ አነሳች፣
መጥበሻዋንም ከመግሪብ በፊት ጨርሳ አጠበች።
እኔ ስልክ ሲደወል እወርዳለሁ፣
ከዘበኛው ከጉልዛር ጋር ደረጃ ላይ እቀመጣለሁ፤
የሱም ልጅ ፔሻዋር ትፈተናለች፣
ሁለታችንም ስለ ኳስ እናወራለን።
አምስት ሰዓት ሲሆን ወጥቼ
«ይበቃል» እላለሁ፣ መብራቱን የማጠፋው እኔ ነኝ።
ስታኮርፊ እሰማለሁ፤
ደስ ይለኛል።

የፈተናው ጠዋት በውሃ መኪናዬ አደረስኩሽ፣
ጋሎኖቹ ከኋላችን እየተንኳኩ።
አዳራሹ ጽሑፍ ያለበት ላስቲክ አያስገባም ብለሽ ነበርና
የግማሽ ሊትሯን ልባስ ሌሊት ላጥኳት፤
ሙጫው እስካሁን ጣቴ ላይ አለ።
ሰጠሁሽ።
በሃያ ሊትር ጉብዝና የኖረ እጅ
ግማሽ ሊትር ይዞ ሲንቀጠቀጥ አየሽው፣
አየሽውና ምንም አላልሽ፣ አንቺም ተምረሻል።

ዘበኛው በሩን ሊገፋ ነው፣
ልጆቹ ገብተዋል፣
አንቺ ጫማሽን ታስሪያለሽ።

«ፍጠኚ» አላልኩም።